የፊልም ኪራይ ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ ለምን አይመለስም?

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ተቀምጦ ዛሬ ማታ አንድ ፊልም ልይ የሚል ሰው ሁለት አማራጭ አለው። ወይ ዳታ ገዝቶ በቀጥታ ከኢንተርኔት ያያል፤ ወይ ፍላሹን ኪሱ ከትቶ ፊልም ወደሚጭኑ ልጆች ሱቅ ጎራ ይልና የፈለገውን አስጭኖ፣ ቤቱ ገብቶ ላፕቶፑን ይከፍታል። አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ለምን እንደሚመርጥ ለመረዳት ኪስን መዳሰስ ይበቃል።

ሦስተኛ መንገድ ግን ነበረ፤ በሌላው ዓለምም አለ። ይኸውም የፊልሙን ኪራይ ከፍሎ ወደ ላፕቶፕ ማውረድ፣ ያለ ኢንተርኔት ማየት፣ ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ ፊልሙ በራሱ እንዲዘጋ ማድረግ ነው። ተመልካቹ ሙሉ ዋጋ አይከፍልም፤ የፊልሙ ባለቤትም ባዶ እጁን አይቀርም። ይህ አገልግሎት በእኛ ከተሞች ገበያ ውስጥ የለም። ለምን ጠፋ? በመጥፋቱስ የሚጎዳው ማን ነው? የዛሬው ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

ኪራይ ማለት መመለስ ነበር

የቪዲዮ ካሴት ዘመንን የሚያስታውስ ሰው የገበያውን አሠራር ያውቀዋል። ተከራዩ መታወቂያውን ወይም የተወሰነ ገንዘብ በመያዣነት ትቶ ካሴቱን ይወስዳል፤ በማግሥቱ ይመልሳል፤ ካዘገየ ይቀጣል። አንድ ካሴት በአንድ ምሽት በአንድ ቤት ውስጥ ብቻ ነው የሚታየው። ዴክ የሌለው ደግሞ ቪዲዮ ቤት ገብቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያያል። ለአከራዩ ካሴቱ እንደ አንድ ሚኒባስ ነበር፤ በተመላለሰ ቁጥር ገቢ ያመጣል፣ በቆመ ቁጥር ኪሳራ ነው።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ካነሳነው፣ የኪራይ ገበያ እንዲኖር ዕቃው ውስን መሆን አለበት። ውስን የሚያደርገው የካሴቱ ግዙፍ አካል ነበር። ሲዲና ዲቪዲ መጡና መቅዳትን ቀላል አደረጉት። ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ ሲከተሉ ግን ነገሩ ሥር ነቀል ለውጥ ሆነ። ፍላሽ ላይ የተጫነ ፊልም አይመለስም፤ ሱቁም እንዲመለስለት አይፈልግም፤ ምክንያቱም ዋናው ኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዳለ ነው። የሚመለስ ዕቃ በሌለበት ኪራይ የለም። ኪራዩ ሲጠፋ ደግሞ ከኪራዩ ለፊልሙ ባለቤት ሊደርስ ይችል የነበረው ድርሻ አብሮ ጠፋ።

ሱቁ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ «ፊልም የሚጭኑት ልጆች የሰው ንብረት ይሸጣሉ» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ከሕግ አንፃር ስህተት ነው ለማለት አይቻልም፤ ከገበያ አንፃር ግን ያልተሟላ ነው። ደንበኛው ለሱቁ የሚከፍለው ገንዘብ በዋናነት የሦስት ነገሮች ዋጋ ነው።

አንደኛው የዳታ ዋጋ ነው። ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ እንደሚገልጸው፣ በመደበኛ ጥራት ማየት በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ዳታ ይወስዳል። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ፊልም በመደበኛው ጥራት 2 ጊጋባይት ገደማ ነው። በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም የሚኖሩ አምስት ተማሪዎች ያንኑ ፊልም በየግላቸው ከኢንተርኔት ቢያዩ 10 ጊጋባይት ያወጣሉ። አንዱ አስጭኖ ለአራቱ ቢያካፍል ግን ለዳታ የሚወጣው ሱቁ አንዴ ሲያወርደው የከፈለው ብቻ ነው። ሱቁ የጅምላ ገዢ ነው፤ ዳታን በጅምላ ገዝቶ በችርቻሮ ይሸጣል።

ሁለተኛው የምርጫ ዋጋ ነው። ሱቁ የትኛው ፊልም እንደሚፈለግ፣ የትኛው በአማርኛ ትርጉም እንዳለው፣ የትኛው ድምፁ እንደማይሰማ ያውቃል። ሦስተኛው ደግሞ የዋስትና ዋጋ ልንለው እንችላለን። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥን ይዘጋል፤ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ግን አንድ ፊልም ይጨርሳል። ኔትወርክ ሲደክም በቀጥታ የሚታይ ፊልም መሐል ላይ ይቆማል፤ የተጫነው አይቆምም። ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት በቆየ ጊዜ፣ ፊልም ያየ ሰው ያየው ቀድሞ የተጫነውን ነው። ያለ ኢንተርኔት ማየት በእኛ አገር የቅንጦት ምርጫ አይደለም፤ አገልግሎቱ የሚያስተማምነው እንዲያ ሲሆን ብቻ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ውስጥ አንዱም የፊልሙ ዋጋ አይደለም። ደንበኛው ዳታውን፣ ምርጫውንና ዋስትናውን ይገዛል፤ ፊልሙ ምርቃት ነው። ጸሐፊው፣ ተዋናዩ፣ ካሜራ የያዘው፣ ገንዘቡን ያወጣው ፕሮዲዩሰር ለምርቃት ይሠራሉ ማለት ነው።

የተቆለፈው ሳጥን

በሌላው ዓለም ይህ ችግር የተፈታው በቁልፍ ነው። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2008 የፊልም ኪራይ ሲጀምር ለቆዩ ፊልሞች 2.99 ዶላር፣ ለአዳዲሶቹ ደግሞ 3.99 ዶላር ጠየቀ። ተከራዩ ፊልሙን አውርዶ ለመጀመር 30 ቀን ይሰጠዋል፤ አንዴ ከጀመረ በኋላ ግን በዚያን ጊዜ ደንብ በ24 ሰዓት ውስጥ መጨረስ ነበረበት። ኋላ ይህ ወደ 48 ሰዓት ተራዘመ።

አሠራሩን በቀላሉ ለማስረዳት ያህል፣ የሚወርደው ፊልም የተቆለፈ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ትልቅ ነው፤ ቁልፉ ግን ትንሽ ነው። ሳጥኑን ማንም ሊቀዳው ይችላል፤ ያለ ቁልፉ ግን አይከፈትም። ቁልፉ ለአንድ ኮምፒዩተር፣ ለተወሰነ ጊዜ ይሰጣል። ጊዜው ሲያልፍ ቁልፉ ይሞታል። በካሴቱ ዘመን ተከራዩ ካሴቱን ይመልስ ነበር፤ አሁን ቁልፉ በራሱ ይመለሳል።

ታዲያ ይህ የውጭ አገልግሎት ለምን ለወልቂጤ አይበቃም? አንደኛ፣ ክፍያው በዶላር ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያውን ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ100 ብር እንኳ ብናሰላው የ3.99 ዶላር ኪራይ 399 ብር ነው። የዶላር ካርድ ያለው ተማሪ ከየት ይመጣል? ሁለተኛ፣ አማርኛ ፊልም ፈልጎ እዚያ የሚሄድ ሰው ብዙ አያገኝም። ሦስተኛ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ራሳቸው ከላፕቶፕ እየሸሹ ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በላይ አገሮች በአንድ ጊዜ ገባ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማየትን ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን የዊንዶውስ መተግበሪያውን ሲቀይር በላፕቶፕ ላይ አውርዶ ማየትን አስቀረው። ኢንተርኔት የማይቋረጥበት አገር ላለ ሰው ይህ ትንሽ ቅሬታ ነው። ቡታጅራ ላለ ሰው ግን አገልግሎቱ ዕቃውን ይዞ ወጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ከውጭ የሚመጣልን መፍትሔ የለም። ቁልፉ እዚሁ መሠራት አለበት።

ያልተሰበሰበ ቅጣት ዋጋ አይሆንም

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ አባዝቶ በሽያጭም ሆነ በኪራይ ለሕዝብ የማቅረብ መብትን ለሥራው ባለቤት ይሰጣል። ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣም ይደነግጋል። በ2007 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ የመብት ባለቤቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ክፍያ እንዲሰበስቡ በር ከፍቷል።

ነገር ግን ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነች ሱቅ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ይዞ የሚተዳደርን ወጣት 5 ዓመት ለማሳሰር የሚነሳ ስንት ፖሊስ፣ ስንት ዐቃቤ ሕግ፣ ስንት ፕሮዲዩሰር አለ? ቅጣቱ ከጥፋቱ እጅግ ሲከብድ ሕጉን ለማስፈጸም የሚደፍር ይጠፋል። የማይፈጸም ቅጣት ደግሞ በነጋዴው ሒሳብ ውስጥ እንደ ወጪ አይገባም። ወልቂጤ ላይ ሱቅ የሚከፍት ወጣት ለኮምፒዩተር፣ ለቤት ኪራይ፣ ለመብራትና ለግብር ያስባል፤ ለፊልም ባለቤት የሚያስበው ሳንቲም የለም። የሚከፍልበት መስኮትም አልተከፈተለትም። ሕጋዊ ልሁን ቢል ወደየትኛው ቢሮ ሄዶ፣ ስንት ከፍሎ፣ ምን ዓይነት ደረሰኝ ይቀበላል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጡ ሕገወጥ ነህ ማለት ሚዛን ሳይሰጡ አጉድለህ ሸጥህ ብሎ እንደመክሰስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አዋጁ ጥበቃውን የዘረጋው በዋናነት ለኢትዮጵያውያንና በኢትዮጵያ ለሚኖሩ ሰዎች ሥራዎች፣ መጀመሪያ እዚህ ለወጡ ሥራዎች፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ለሚጠበቁ ነው። ኢትዮጵያ ግን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን በ1995 ዓ.ም. ጥያቄ አቅርባ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የተደራደረች አገር ናት። የድርጅቱ ደንብ የውጭ ሥራዎችንም መጠበቅን ያስገድዳል። የሱቆቹ ኮምፒዩተር ደግሞ በአብዛኛው የተሞላው በውጭ ፊልም ነው። ያ ግዴታ ሥራ ላይ ሲውል ሱቆቹ ሌላ ሕጋዊ ዕቃ ካልያዙ ብዙ ወጣት በአንድ ጀምበር ሥራ ያጣል። ዛሬ ላይ የሚሠራው ሥራ ለዚያን ቀን መዘጋጃ ነው።

አውቶቡሱ ሳጥኑን፣ ስልኩ ቁልፉን

ሐሳቡ ውስብስብ አይደለም። ሱቁን አንዝጋው፤ አከራይ እናድርገው።

ፕሮዲዩሰሮች በማኅበራቸው በኩል የተቆለፉ ፊልሞችን አንድ ሀርድ ዲስክ ላይ ያዘጋጃሉ። ዲስኩ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይላካል። ይህን ሲሰማ የሚስቅ ካለ ሒሳቡን አብሮን ይሥራ። 4 ቴራባይት የሚይዝ ሀርድ ዲስክ 2 ጊጋባይት የሆኑ 2,000 ፊልሞችን ይሸከማል። አውቶቡሱ ወልቂጤ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ቢፈጅበት፣ በየሰከንዱ 370 ሜጋባይት ገደማ አደረሰ ማለት ነው። ይህን ፍጥነት በከተማው ውስጥ የሚያቀርብ ኢንተርኔት የት ይገኛል? ትልቁ ሳጥን በአስፋልት ይምጣ፤ ትንሿ ቁልፍ በስልክ ትምጣ።

ደንበኛው ሱቁ ይሄዳል፤ የተቆለፈውን ፊልም ፍላሹ ላይ ያስጭናል፤ በቴሌብር ይከፍላል፤ ቁልፉ በአጭር መልእክት ስልኩ ላይ ይደርሰዋል። ቁልፉን ላፕቶፑ ላይ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ከጀመረ በኋላ 48 ሰዓት ቢሰጠው መብራት ቢጠፋም በማግሥቱ ይጨርሳል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እንዲህ ያለ ሐሳብ ህልም ይመስል ነበር፤ ዛሬ ግን ኩባንያው የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ መሆኑን አስታውቋል። የመክፈያ መንገድ የለም የሚለው ምክንያት ጊዜው አልፎበታል።

ዋጋውን ለምሳሌ ያህል 10 ብር እናድርገው። ከዚህ 4 ብር ለሱቁ፣ 1 ብር ለክፍያና ለቁልፍ አገልግሎቱ፣ 5 ብር ለፊልሙ ባለቤት ይሁን። በመላ አገሪቱ 500 ሱቆች ቢገቡበትና አንድን አዲስ ፊልም እያንዳንዳቸው በሳምንት 20 ጊዜ ቢያከራዩ፣ በሳምንት 10,000 ኪራይ ይሆናል። ለባለቤቱ በሳምንት 50,000 ብር፣ በስምንት ሳምንት 400,000 ብር ማለት ነው። ሱቁም ተመሳሳይ ገበያ ያላቸው 30 ፊልሞች ቢይዝ በሳምንት 2,400 ብር ያገኛል። ይህ ስሌት እንጂ ጥናት አይደለም፤ ቁጥሮቹን አንባቢ እንደ ልቡ ከፍ ዝቅ ያድርጋቸው። ግማሹም ቢሆን ግን ከዛሬው ዜሮ ይበልጣል።

ዛሬ አብዛኛው አማርኛ ፊልም ከሲኒማ ቤት እንደወረደ ዩቲዩብ ላይ ይለቀቃል። የዩቲዩብ ገቢ ከማስታወቂያ የሚመጣ ነው፤ ማስታወቂያው ደግሞ የሚከፍለው ውድ ገበያ ባለበት አገር ላለ ተመልካች ነው። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩ ሳያስበው ዋሽንግተን ላለው ወገኑ ይሠራል። ቡታጅራ በፍላሽ ያየው ተመልካች በማንም መዝገብ ላይ የለም። ያልተቆጠረ ተመልካች ምን እንደሚወድ አይጠየቅም። የክፍለ ሀገር ከተማ ኑሮ ፊልሞቻችን ውስጥ የሚሳሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የሚከፍል ደንበኛ ይሰማል፤ የማይከፍል ደንበኛ እንግዳ ነው።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

«ቁልፉ ይሰበራል» የሚል አለ። አዎ፣ የማይሰበር ቁልፍ የለም። ሆኖም 10 ብር ለማዳን ግማሽ ቀን የሚያጠፋ ሰው ጥቂት ነው። ዋጋው ርካሽ ከሆነ ለሌባው ትርፍ አይተርፍም። ቁልፉን የሚያሰብረው የዋጋው መወደድ ነው።

«ሱቁ ያለ ቁልፍ የሚጭነውን ለምን ይተዋል?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። መልሱ ጊዜ ነው። አዲስ ፊልም ዩቲዩብ ላይ ከመለቀቁ በፊት ስምንት ሳምንት በኪራይ ብቻ ቢቆይ፣ በእነዚያ ሳምንታት ሕጋዊው ሱቅ ሌላው የሌለው ዕቃ ይኖረዋል። ነጋዴ የሚስበው በምክር አይደለም፤ ጎረቤቱ የሌለውን ዕቃ በመያዝ ነው። ይህን የጉራጌ ነጋዴ ከማንም መማር አያስፈልገውም።

«ፕሮዲዩሰሩ የሱቁን ሒሳብ እንዴት ያምናል?» ለሚለው፣ ማመን አያስፈልገውም። የሚቆጠረው የወጣው ቁልፍ ነው። ሱቁ ስንት ሳጥን ቢቀዳ ለውጥ የለውም፤ ገንዘቡ ከቁልፉ ጋር በቀጥታ ይከፋፈላል። ይህ ደግሞ ለግብር ሰብሳቢውም ግልጽ ነው። ለዚሁ ብዬ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ገና በእግሩ ያልቆመን ገበያ ገቢዎች በመጀመሪያው ዓመት ቢጫነው ሱቁ ወደ ቀድሞው ፍላሽ ይመለሳል።

«የዲስኩና የመሣሪያው ወጪ ከየት ይመጣል?» ይህን ጥያቄ በሌላ አካባቢ ቢጠይቁኝ ባንክ እል ነበር። እዚህ ግን ዕቁብ አለ። አምስት ሱቆች ተሰባስበው አንድ ሀርድ ዲስክ መግዛትና መጋራት አያቅታቸውም። በ1950ዎቹ መንግሥትን ብቻ ሳይጠብቅ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ያስጠረገ ሕዝብ አገር ነው።

ከየት ይጀመር?

ከወልቂጤና ከቡታጅራ ቢጀመር የሚሻልበት ምክንያት አለ። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ አጠገቧ ጉብርየ ላይ በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ላፕቶፕ የያዘ ወጣት ደንበኛ ያመጣላታል። ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫና ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የንግድ ከተማ ናት። ሁለቱም ከአዲስ አበባ በግማሽ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል። በመስቀል ደግሞ ከመርካቶም ከሌላውም ከተማ አገሩ የሚገባው ሰው ብዛት የታወቀ ነው፤ ምሽቱን ቤተሰብ ሰብስቦ ላፕቶፕ ላይ ፊልም የሚከፍተው ብዙ ነው። ኔትወርኩም በዚያ ሰሞን ይጨናነቃል።

ስለዚህ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ የፊልም ሠሪዎች ማኅበራትና የቴሌኮም ኩባንያዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ። በእያንዳንዱ ከተማ አሥር አሥር ሱቅ፣ ሠላሳ አማርኛ ፊልም፣ አንድ ዓይነት ቁልፍ፣ አንድ ዓይነት ዋጋ ይዘው ለሦስት ወር ይሞክሩት። የሙከራው ጊዜ መስቀልን ይጨምር። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የወጡት ቁልፎች ይቆጠሩ፤ ቁጥሩም ለሕዝብ ይገለጽ። ገበያው አልፈልግም ካለ እናውቃለን። እስከዚያው ግን ተመልካቹ መክፈል አይፈልግም ብሎ መፍረድ ያልተዘረጋ ሸቀጥ አልተሸጠም እንደማለት ነው።